«የለኝም» ያለችው እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጾሙ ስድስተኛ ሳምንት ላይ ደርሰናል። ጉልበት ደከም፣ ፊት ገርጣ ብሏል። ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ የሽሮው ሽታ ከየደጁ እየመጣ ሆዳችንን ያስጮኸዋል። ይህ የእኛ ረኃብ ግን ሰዓት አለው። ድስቱ ተጥዷል፣ እንጀራው በሞሰብ ውስጥ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቆርሰን እንበላለን። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ሰዓት ስለሌለው ረኃብ ነው። ሰው ወዶ ሳይሆን ጦርነት መንገዱን ዘግቶበት ስለሚራበው ረኃብ። በዚያ ረኃብ ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ከእኔ የመጣ አይደለም፤ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰንበት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን አንዲት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች እናት ከዛፉ ሥር ጠራችኝ። «መምህር፣ አንድ ጊዜ ላስቸግርህ» አለችኝ። ቁጭ አልን። የነገረችኝን እሷ በነገረችኝ ቃል ልጻፈው። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አይደለም።

«በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ተከባ ነበር። መንገድ ዝግ ነው፣ ወፍጮ የለም፣ ገበያ የለም። ባለቤቴ የት እንዳለ አላውቅም። ሁለት ልጆች ይዣለሁ። አንድ ቁና የማትሞላ የገብስ ዱቄት ነበረችኝ፤ በፌስታል ጠቅልዬ ከምድጃው ሥር ቀበርኳት። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ በሩን ዘግቼ፣ እፍኝ እፍኝ እያወጣሁ አጥሚት አደርግላቸው ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ መጣች። ልጇ ታሟል። ‹እትዬ፣ ለአጥሚት የምትሆን እፍኝ ዱቄት ካለሽ› አለችኝ። ‹እመብርሃንን! የለኝም› አልኳት። አመነችኝ። ‹አይ፣ ለካ አንቺም እንደኔው ነሽ› ብላ፣ እኔኑ አጽናንታ ሄደች። ልጁ በሳምንቱ ሞተ።»

ትንሽ ዝም አለችና ቀጠለች። «ንስሐ ገብቻለሁ። አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል፣ ፈጽሜያለሁ፣ ሥጋ ወደሙም ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዱቄቷን ብሰጥ የእኔዎቹ ይሞቱ ነበር። ይኸው ትልቁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እሱን ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። እንግዲህ ኃጢአቴ የቱ ነው? ልጆቼን ማትረፌ ነው ወይ?»

እኔም እንደ ልማዳችን ቶሎ ብዬ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው እኮ እናቴ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «እሱንማ አውቃለሁ። የጠየቅኩህ ሌላ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ምሕረት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የተማረው ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

የትኛው ጦርነት እንደሆነ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ አልነግራችሁም። ለምን መሰላችሁ? ሐውዜን ብላችሁ፣ ማይካድራ ብላችሁ፣ አክሱም ብላችሁ፣ ጭና ብላችሁ በእያንዳንዱ ስም የሚያለቅሰው የተለያየ ሰው ነው። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው «እነሱስ ምን አድርገው ነበር?» ይላል። እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም፤ የከተማዋን ስም ስትነግረኝ ልቤ መጀመሪያ የጠየቀው «ከበባው የማን ነበር?» ብሎ ነው እንጂ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ አይደለም። ስለዚህ እናንተንም ራሴንም ወገን ወደማንይዝበት ሩቅ አገር ልውሰድ። እዚያ ቆመን ስናየው የራሳችን ነገር ይታየን ይሆናል።

ሳራዬቮ የቦስኒያ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ተራራ ነው፤ እሷ ከታች በሸለቆው ውስጥ ወንዙን ይዛ ተዘርግታለች። አዲስ አበባን ከእንጦጦ ላይ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ናት፤ ከላይ ያለ ሰው ማን ከቤቱ እንደወጣ፣ ማን ውኃ ይዞ እንደሚሄድ ያያል። በአንድ ፎቅ ላይ ሙስሊሙ ቦስኒያክ፣ ኦርቶዶክሱ ሰርብ፣ ካቶሊኩ ክሮአት፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከስፔን የተሰደዱት አይሁድ ልጆችም ጭምር ደረጃ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ጉርብትናን «ኮምሺሉክ» ይሉታል፤ ቡና የሌለበት ኮምሺሉክ ደግሞ የለም። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ጦርነቱ ቦስኒያ ገባ። የሳራዬቮ ከበባ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1992 ነው። በእኛ አቆጣጠር ብትቆጥሩት መጋቢት 27 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ጥንተ ስቅለት፣ ያውም እሑድ፣ የገብር ኄር ሰንበት ነበረች። ያበቃው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1996፣ የካቲት 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ሲሆን ያም በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። መካከሉ 1,425 ቀን ነው። በዘመናዊ ጦርነት ታሪክ ይህን ያህል የቆየ የዋና ከተማ ከበባ የለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስለ መሸሸግ የሚጽፍ ሰው ራሱ መሸሸግ የለበትም። ከተራራው ላይ ከተኮሱት ውስጥ ብዙዎቹ በኦርቶዶክስ ስም የተጠመቁ ነበሩ። የሰርብ ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ ጋር በቁርባን አንድ አይደለችም። ነገር ግን ልደትን እኛ በምናከብርበት ዕለት፣ ትንሣኤንም እኛ በምናከብርበት ዕለት ታከብራለች። በአሮጌው የሳራዬቮ ገበያ አጠገብ በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ገብርኤል ስም የተሠራች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። እንግዲህ አስቡት፤ አንገቱ ላይ መስቀል ያለበት ሰው በመነጽር አነጣጥሮ ውኃ የተሸከመች ሴት ላይ ይተኩሳል። በከተማዋ ውስጥ የቀሩት ኦርቶዶክስ ሰርቦችም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በዚያው መድፍ ሞቱ። ከተማዋን እንከላከላለን ይሉ ከነበሩትም መካከል አንድ ቡድን በከተማዋ የነበሩ ሰርቦችን እየወሰደ ገድሎ ካዛኒ በሚባል ገደል ጥሏል። በአንጻሩ ደግሞ ጄኔራል ዮቫን ዲቭያክ የሚባሉ ሰርብ በከተማዋ ቀርተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲከላከሉ ከርመዋል፤ በኋላም ዕድሜያቸውን በጦርነቱ የተጎዱ ልጆችን በማስተማር ጨርሰው በ2021 ዐረፉ። የከበባው መሪዎች ራዶቫን ካራጂችና ራትኮ ምላዲች በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው የመጨረሻው የዕድሜ ልክ ፍርድ የአንዱ በ2019፣ የሌላው በ2021 ጸንቷል።

ወደ ኑሮው እንመለስ። መብራቱ፣ ውኃው፣ ጋዙ ተቆረጠ። የሳራዬቮ ክረምት በረዶ ነው። ሰዉ መጀመሪያ የመናፈሻውን ዛፍ ቆርጦ አነደደ። ዛፉ ሲያልቅ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ከዚያ አሮጌ ጫማ፣ ከዚያ መጽሐፍ። ውኃ የሚገኘው የቢራ ፋብሪካው ከተሠራበት ምንጭና ከጥቂት ቦታዎች ነበር፤ ጀሪካኑን በሕፃን ጋሪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ እየጎተቱ ይሰለፋሉ። ሰልፉ ራሱ ሞት ነው። በ1992 ሜይ 27 ዳቦ ለመግዛት ተሰልፈው በነበሩ ሰዎች መካከል ፈንጂ ወድቆ ከሃያ በላይ ሰው ገደለ። በ1994 ፌብሩዋሪ 5 ማርካሌ የሚባለው ገበያ ላይ አንድ ሞርታር ወድቆ 68 ሰው ገደለ። ገበያ ላይ ምን ሊሸጥ ይችል ነበር ትሉ ይሆናል። የእርዳታ ቆርቆሮ፣ ሲጋራ፣ ሰው በሰገነቱ ላይ በቆርቆሮ ያበቀለው አትክልት፣ የሟች ካፖርት።

የእርዳታ አውሮፕላን ከ1992 ጁላይ እስከ 1996 ጃንዋሪ ከ12 ሺህ ጊዜ በላይ ተመላልሶ ወደ 160 ሺህ ቶን የሚጠጋ ነገር አስገብቷል። በዚያ ላይ የሚቀንስ እጅ አልጠፋም፤ ከበባውን ያደረጉትም ድርሻ ይወስዱ ነበር፣ በከተማዋ ውስጥም እርዳታው ተሰርቆ በጥቁር ገበያ ይሸጥ ነበር። በ1993 በአየር ማረፊያው ሥር 800 ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ተቆፈረ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰዉ አጎንብሶ፣ ጭቃና ውኃ እየረገጠ፣ ጆንያ ተሸክሞ ያልፍ ነበር። በዚያ ዋሻ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል፤ በዚያው ዋሻ የከበሩ ነጋዴዎችም ነበሩ። ሩዝና መኮሮኒ፣ የዱቄት ወተት፣ ባቄላ፣ የቆርቆሮ ሥጋ በላይ በላዩ ይበሉ ነበር። ሳማ ለቅመው ቀቅለዋል። ቡናው ሲያልቅ ምስር ቆልተው፣ ፈጭተው፣ «ቡና ጠጡ» ተባብለዋል። ምስሩን ቢቀቅሉት ምግብ ይሆናቸው ነበር እኮ! እነሱ ግን ቆልተው ቡና አደረጉት። ይህ ሞኝነት ነው የሚል ካለ ጎረቤት የሌለው ሰው መሆን አለበት።

ከሁሉም የነካኝ የአይሁዶቹ ነገር ነው። ላ ቤኔቮለንሲያ የሚባል የቆየ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበራቸው። በከበባው ጊዜ የመድኃኒት ቤትና የሾርባ ቤት ከፍተው ለሙስሊሙም፣ ለኦርቶዶክሱም፣ ለካቶሊኩም ያለ ክፍያ ሰጡ። እነሱ በጦርነቱ ውስጥ ወገን አልነበሩም። መድኃኒቱን ዘግተው ለራሳቸው ቢያስቀምጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ሞልቶ ይተርፋቸውም ነበር። ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲናገር ሰሚዎቹን ያስደነገጣቸው ይኼው ነው፤ የተደበደበውን ያነሣው ከሃይማኖቱ ያልሆነው ሰው ነበር።

ታዲያ ያችን እናት የሚመስሉ ሰዎች በሳራዬቮ አልነበሩም ወይ? እንዴት አይኖሩም! ለልጁ የወተት ዱቄት ከአልጋ ሥር ያላስቀመጠ ወላጅ በዚያች ከተማ ብትፈልጉ የምታገኙ አይመስለኝም። በ2012 ኤፕሪል ከበባው የተጀመረበት ሃያኛ ዓመት ሲታሰብ በዋናው አውራ ጎዳና ላይ 11,541 ቀይ ወንበሮች ተደረደሩ፤ በሞቱት ቁጥር ልክ። 643ቱ ትንንሽ ናቸው፣ የልጆች። ሰዉ እየመጣ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ አሻንጉሊትና አበባ አስቀመጠ። በዚያ መንገድ ዳር ከቆሙት እናቶች መካከል ስንቷ ወደ አንዲት ትንሽ ወንበር እያየች «የለኝም» ያለችበትን ቀን አስባ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ አልሸሸውም። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 እና 7ን ዛሬ ማታ ከእራት በፊት አንብቡት፤ ከእራት በኋላ አይነበብም። የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሰማርያን ከበባት። የአህያ ራስ በሰማንያ ብር ተሸጠ። የአህያ ራስ! በኦሪት አህያ የማይበላ እንስሳ ነው፣ ከዚያም ራሱ፣ ከዚያም በሰማንያ ብር። ንጉሡ በቅጥሩ ላይ ሲያልፍ አንዲት ሴት ጮኸችበት። ከጎረቤቷ ጋር ተስማምተው ኖሯል፤ ዛሬ የአንቺን ልጅ፣ ነገ የእኔን ልጅ እንበላለን ብለው። የእሷን ልጅ በሉት። በማግስቱ ሁለተኛዋ ልጇን ሸሸገችው። ሴትዮዋ የከሰሰችው እንግዲህ ይህን ነው።

እጅ የሚያስቆርጥ ንባብ ነው፤ እኛም ዘለን እናልፈዋለን። ግን ቆም ብላችሁ እዩት። ልጇን የሸሸገችው እናት ቃሏን አፍርሳለች። ማን ይፈርድባታል? እኔ በበኩሌ በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ የሰው ልብ እንደገና መምታት የጀመረው እሷ ልጇን በሸሸገች ጊዜ ነው እላለሁ። መሸሸግ ሁሉ አንድ አይደለም። መጽሐፉም በሁለቱ ሴቶች ላይ ፍርድ አይሰጥም። ንጉሡ ልብሱን ቀደደ፤ ከውስጥ ማቅ ለብሶ ነበር፣ ጾመኛ ነበር ማለት ነው። ግን ምን አደረገ? የኤልሳዕን ራስ ልቁረጥ ብሎ ማለ። ማቅ ለብሶ የሚቆርጠውን ሰው ራስ ይፈልጋል! ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ አንዲት ቃል ታገኛላችሁ፤ በከተማይቱ ገና ፈረሶች ቀርተው ነበር፣ አምስቱን እንላክ ይባባላሉ። ሕዝቡ የአህያ ራስ በሰማንያ ብር ሲገዛ፣ እናት ልጇን ስትበላ፣ በቤተ መንግሥቱ በኩል ፈረስ ይቀለብ ነበር።

በጦርነት ጊዜ ትልቁ ኃጢአት የማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። መንገዱን የዘጋው፣ ፈረሱን የቀለበው፣ እርዳታውን የቀነሰው አለ። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ረኃብ በገባ ጊዜ ጎተራቸውን ቆልፈው ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቁትን ፊት ለፊት ገሥጿል፣ የራሱንም አውጥቶ ድሆችን መግቧል። ተግሣጹ ለጎተራ ባለቤት ነው። እፍኝ ዱቄት ከምድጃ ሥር ለቀበረች እናት አይደለም። ክፋቱ ግን ጎተራ የቆለፈው ሰው ሌሊት ተኝቶ ያድራል፤ እፍኝ የቀበረችው ናት በሕልሟ የምትባንነው።

ያም ሆኖ ለያች እናት «አንቺ ምንም የለብሽም» ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እሷም አልተቀበለችኝም። ስለዚህ በዚያው ምዕራፍ ያሉትን አራቱን ለምጻሞች አሰብኩ። በከተማዋ በር ውጭ ተቀምጠው ነበር፤ ብንገባም ሞት፣ ብንቀመጥም ሞት ብለው ወደ ጠላት ሰፈር ሄዱ። ሰፈሩ ባዶ ነው፤ ሶርያውያን እግዚአብሔር ባሰማቸው ድምፅ ደንግጠው ሸሽተዋል። ገቡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ብርና ወርቅ፣ ልብስም ወስደው ሸሸጉ። ተመልሰው ሌላ ድንኳን ገቡ፣ ከዚያም ወስደው ሸሸጉ። ከዚያ ተያዩና መልካም አላደረግንም ተባባሉ። ልብ በሉ፤ ስለ መብላታቸው አልተጸጸቱም፣ መጽሐፉም አይነቅፋቸውም። የተራበ ሰው በላ፣ በቃ። የከነከናቸው ዝም ማለታቸው ነው። በቅጥሩ ውስጥ ሰው እየሞተ እነሱ የሚያውቁትን አለመናገራቸው ነው።

ከዚህ ጋር የሰራፕታዋን መበለት አነጻጸርኳት። ኤልያስ ቁራሽ እንጀራ ሲለምናት «የለኝም» ብላ በሩን አልዘጋችም። ያላትን ቆጥራ ነገረችው፤ እፍኝ ዱቄት፣ ጥቂት ዘይት፣ ሁለት እንጨት ለቅሜ ጋግሬ ከልጄ ጋር በልተን እንሞታለን አለችው። አልሰጥህም ማለት ይቻላት ነበር። ግን ያላትን ልክ አሳየችው። ለእኔ ትልቁ ነገር ከመስጠቷም በፊት ይህ ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ይህን ሁሉ ሰብስቤ፣ ደስ እያለኝ፣ ያችን እናት ፈልጌ አገኘኋት። «እናቴ» አልኳት፣ «ልጆችዎን ማትረፍዎ ኃጢአት አይደለም። የዚያን ልጅ ሞት መንገዱን የዘጉት ይጠየቁበታል። የእርስዎ ድርሻ ‹የለኝም› ያሏት ቃል ነው፣ ያውም በእመቤታችን ስም። ‹አለኝ፣ ግን ለሁለቱ ልጆቼ ናት፣ ልሰጥሽ አልችልም› ቢሏት ኖሮ…»

አላስጨረሰችኝም። «እንደዚያ ብላት ሌሊት መጥታ ትወስደው ነበር። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እወስድ ነበር» አለች።

አንደበቴ ተሳሰረ። ወገኖቼ፣ በጠገበ ሆድ ስለ ረኃብ መጻፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በሰራፕታዋ መበለት ደጅ ነቢይ ቆሞ ነበር፤ ዱቄቱ ከማድጋው እንደማያልቅ ቃል ገብቶላታል። በዚህች እናት ደጅ የቆመች የባሰባት ጎረቤት ብቻ ነበረች። ቃል የገባላት አልነበረም።

ከዚያ ራሷ፣ እኔ ያላሰብኩትን፣ መለሰችልኝ። «ታውቃለህ የማይለቀኝ የቱ እንደሆነ? ‹አንቺም እንደኔው ነሽ› ያለችኝ። አዘነችልኝ እኮ! ልጇ የሚሞትባት ሴት ለእኔ አዝና ሄደች። እኔ ግን እንደ እሷ አልነበርኩም። እንደ እሷ መሰልኳት፣ ብቻዋን ተራበች። ብቻዋን መሆኗን እንኳ ሳታውቅ።»

እንግዲህ ገብር ኄር ሲነበብ የምንሰማውን ያንን መክሊቱን መሬት ውስጥ የቀበረ አገልጋይ አስቡት። የተወቀሰው መክሊቱን አጥፍቶ አይደለም፤ መክሊቱ አለ፣ ቆፍሮ አውጥቶ መልሷል። ግን በተቀበረበት ዘመን ሁሉ ለማንም እንደሌለ ነበር። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ከእኔ በፊት አውቃዋለች።

ምሥጢሩ የሚከብደው ደግሞ ጎረቤቷ በሕይወት መኖሯ ነው። ከዚያ አገር አብረው ወጡ፤ ዛሬም በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ አንዷ ስትታመም አንዷ ታስታምማለች። ጎረቤቷ ያንን ዘመን ስታነሣ «ሁለታችንም ባዶ ቤት ነበርን፤ እሷና እኔ ባንደጋገፍ አንተርፍም ነበር» ትላለች። እሷ ደግሞ ሲኒውን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። «ልንገራት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው አፍ «አዎ፣ እውነት ነጻ ያወጣል» ለማለት ይቸኩላል። እኔ አልቸኮልኩም። እውነቱ የሚያወጣው ማንን ነው? ተናጋሪዋን ቀለል ይላት ይሆናል፤ ያቺኛዋ ግን ልጇን ሁለተኛ ጊዜ ትቀብራለች፣ ጓደኛዋንም አብራ። በሌላ በኩል ደግሞ ዝምታው ያው የምድጃው ሥር ጉድጓድ ነው፤ ዱቄቱ ወጥቶ ቃሉ እዚያ ቀርቷል። የንስሐ አባቷ አሉ፤ ሁለቱንም ያውቃሉ። «ከእሳቸው ጋር ተመካከሩበት፤ ብቻዎን አይወስኑት፣ እኔም አልወስንልዎትም» አልኳት። ይህን ያልኩት ፈርቼ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

አንድ ነገር ግን ጨምሬ ነገርኳት፣ ለእናንተም እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ ጊዜ ገና አላለፈም። ከተማችን አልተከበበችም፣ ወፍጮው ይሠራል፣ ቢወደድም እህሉ በገበያ አለ። ያለንን ለጎረቤት ማሳየት የማያስገድለን ጊዜ ይህ ነው። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ማን ምሳውን እንደዘለለ የማናውቅ፣ ድስታችን ሲሸት መስኮት የምንዘጋ ከሆነ፣ መንገድ በተዘጋ ቀን የምንሸሽገው ዱቄቱን ብቻ አይሆንም። የጾም ወግ የነበረው ያልተበላውን ምሳ ለነዳያን መስጠት ነው። አሁን አሁን ያልተበላው ምሳ ለፋሲካው በግ ይቆጠባል፣ እናውቃለን አይደል?

ባለፈው ዓመት የገብር ኄር ዕለት ሁለቱን አብረው አየኋቸው። በደጀ ሰላሙ በኩል ይገባሉ። ጎረቤቷ ዕድሜ ተጭኗታል፣ እግሯን ያማታል። ነግራት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለነዳያን የሚሰጥ የገብስ ዱቄት በአንድ ፌስታል ይዘው መጥተዋል። ከብዷቸው ኖሮ የፌስታሉን አንዱን ማንጠልጠያ እሷ፣ አንዱን ጎረቤቷ ይዘው፣ ቀስ እያሉ ደረጃውን ይወጡ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።